በሐዲዱ ላይ የምትመጣው ልጅ

ሸፊቃ የድሬዳዋን ሰው በፊቱ ታውቀዋለች። መታወቂያ ሊያወጣ የመጣውን፣ የተሞሸረውን፣ ለሐጅ የተዘጋጀውን ሁሉ መልኩ ከውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ የምታየው እሷ ናት። እሷን ግን የሚያያት አልነበረም። አባቷ ሲሞት መጋላ ሰፈር ያለውን ፎቶ ቤት ወንድሟ ሙመድ ተረከበ። ሙመድ ከፊት ሆኖ ያነሳል፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በጨለማው ክፍል፣ ፊልም ታጥባለች፣ ታትማለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንድም ቀን ካሜራ ይዛ ከበሩ ወጥታ አታውቅም።

«ሴት ልጅ መንገድ ላይ ቆማ ፎቶ ስታነሳ ሰው ምን ይላል?» ይላታል ሙመድ።

«ፎቶ አንሺ ናት ይላል፤» ትለዋለች። ሙመድም ወደ ደንበኞቹ ይዞራል።

ሣህሉ ወልደጻድቅ ወደዚያ ቤት የመጣው በ1976 ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው የከዚራ ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱ በሕይወት ሳሉ ባቡር ነጂ ነበሩ። እሱ አዲስ አበባ ሄዶ ፎቶግራፍ ተማረና ለቱሪስቶች መጽሔት በሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በዚያ ዓመት ስለ ድሬዳዋና ስለ አካባቢዋ ለመንገደኛ የሚሆን አነስተኛ መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ወደ ተወለደበት ከተማ ተላከ። የቀለም ፊልም ጠፍቶ ስለነበር ሁሉንም በጥቁርና ነጭ ማንሳት ነበረበት። ፊልሙን የሚያሳጥብበት ቦታ ሲያፈላልግ ሙመድ ዘንድ ደረሰ። ጉዳዩ የመንግሥት ሥራ ነውና ሙመድ እምቢ ለማለት አልደፈረም።

የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ሰጥቶ በማግስቱ ሲመለስ ሙመድ አልነበረም። ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ ሰማ።

«ይሄን ሁሉ ያነሳኸው አንተ ነህ?»

ሣህሉ ፈገግ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቁት ሰዎች «እርስዎ» ሲሉት ከርሟል። ድሬ ግን ማንንም «አንተ» ነው የምትለው።

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ተበላሸ?»

«አቦ፣ አልተበላሸም።»

መጋረጃው ተገለጠ። ከጨለማ ስለወጣች ዓይኖቿን ጨፈን አድርጋ ቆመች። እጇ እርጥብ ነው፤ ጣቶቿ የፎቶ መድኃኒት ይሸታሉ። ሣህሉ አያት። እሷ ግን ሥዕሎቹን ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው።

«ያምራሉ። ለምንድነው ግን ሁሉም የሚሄዱት?»

«የሚሄዱት?»

«እየው።» ጣቷን በሥዕሎቹ ላይ አስኬደች። ግራና ቀኝ የተተከሉት የከዚራ ዛፎች እየጠበቡ እየጠበቡ ይሄዳሉ። የመጋላ ቀጭን መንገድ በሁለት የኖራ ግድግዳ መካከል ገብቶ ይሄዳል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የጋሪ ጎማ የተወው ምልክት ይሄዳል። የጀልዴሳ ግመሎች በአንድ ረድፍ ይሄዳሉ። «ሁሉም ዓይኔን ይዘውት ይሄዳሉ።»

ሣህሉ ይህን የሚጠይቀው ሰው አጋጥሞት አያውቅም ነበር። ፊቱ በራ።

«ዓይን ሥዕል ውስጥ ሲገባ እንግዳ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። መስመር ካገኘ ግን እጁን ተይዞ ይገባል። ቀለም ቢኖር ኖሮ ቀይ ሻሽ አይቶ ይቆማል፣ ማንጎ አይቶ ይቆማል። ጥቁርና ነጭ ሲሆን ይሄ ሁሉ ይጠፋና መስመሩ ይቀራል።»

«ጥሩ። እጄን ይዘህ አስገባኸኝ። ከዚያስ? መጨረሻው ላይ ማን አለ? ማንም የለም። በረሃ ላይ ጥለኸኝ ትመለሳለህ።»

«እጄን ይዘህ» ማለቷን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው።  ሸፊቃ ሥዕሎቹን ሰብስባ ሰጠችውና መጋረጃውን ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣህሉ በአንድ ጊዜ ሊያመጣው የሚችለውን ፊልም ከፋፍሎ ያመጣ ጀመር። ሙመድ ባለበት ቀን ፊልሙን ሰጥቶ ይሄዳል። በሌለበት ቀን ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ይቆማል፤ ስለ ሥዕል ያወራሉ፤ ወሬው ቢያልቅም አይሄድም። አንድ ቀን ሐርላ መንደር ደርሶ የጥንቱን ከተማ የፈረሰ ግንብ አንስቶ መጣ። ሸፊቃ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እዚህም ሰው የለም።»

«ሰዉ ካሜራ ሲያይ ወይ ይሸሻል፣ ወይ እንደ ግንድ ይደርቃል። ምን ላድርግ?» አለና ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «እስቲ አንቺ አንሺ። ሰው ያለበትን መስመር አሳዪኝ።»

ሸፊቃ ካሜራውን አየችው። ከዚያ ወደ በሩ አየች።

«እሑድ ሙመድ ሠርግ ለማንሳት ይሄዳል፤» አለች።

እሑድ ረፋድ ላይ ደቻቱ ተገናኙ። ውሃ አልነበረውም፤ አሸዋው ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ሸፊቃ ረጅም ሽቲ ቀሚሷን ሰብስባ ያዘች፣ ካሜራውን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ሣህሉንም ወደ ማዶው እንዲሻገር ላከችው። እሱ ሲሄድ ኮቴው አሸዋው ላይ አንድ መስመር ሠራ። ብዙ ርቆ ከሄደ በኋላ ጠራችው። ዞር ሲል አነሳችው።

ሥዕሉን በማግስቱ በባንኮኒው ላይ አሳለፈችለት። ኮቴው ከሥዕሉ ግርጌ፣ ከእሷ እግር ሥር ይነሳል፤ እየቀጠነ ይሄድና እሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል።

«መጨረሻው ላይ ሰው አለ፤» አለችው።

ሣህሉ ሥዕሉን እያየ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አየ። ዓይኗን አልሰበረችም።

ችግሩ የመጣው በሐምሌ ነው። ፋራህ የሚባል ጅቡቲ ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። ፋራህን ክፉ ነው የሚለው ሰው አልነበረም፤ ከአባቷ ጋርም ይከባበሩ ነበር። ሙመድ ደስ ብሎት እሺ አለ። ማታ እራት ላይ ነገራት።

«ቃል ሰጥተናል። ከመስከረሙ በዓል በኋላ ኒካ ይታሰራል፣ በባቡር ትሄጃለሽ።»

«ማነው ቃል የሰጠው? እኔ አልሰጠሁም።»

«እኔ ሰጥቻለሁ!»

«እንግዲያው አንተ ሂድ።»

ሙመድ ትሪውን ገፍቶ ተነሳና ወጣ። እናቷ ሑዳ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሌላ ሰው አለ?»

ሸፊቃ እጇን ከማዕዱ ሰበሰበች።

«ያ የከዚራው ክርስቲያን?»

«አዎ፣ አዬ፤» አለች፤ እናቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

«አይሆንም፣ ሸፊቃ።»

«ይሆናል፣ አዬ።»

ሑዳ ሰሃኖቹን ሰበሰቡ።

ከዚራም ቢሆን ነገሩ ያው ነበር። የሣህሉ እናት ወይዘሮ የሺአረግ ልጃቸው ሲነግራቸው ማተባቸውን በጣታቸው ይዘው አዳመጡት። «ከእስላሞች ጋር ጎረቤት ሆነን ኖረናል። በበዓላቸው ጠርተውን፣ በበዓላችን ጠርተናቸው፣ አንድ ቀን አልተቀያየምንም። ጋብቻ ግን ሌላ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም፤» አሉት። ሣህሉ እናቱን በጣም ይወዳቸዋል። ጉልበታቸውን ስሞ «እማዬ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፤ ግን አገባታለሁ፤» አላቸው።

ለመጽሐፉ የቀረው የሐዲዱ ሥዕል ነበር። ያለ ባቡር የድሬዳዋ መጽሐፍ ሊታሰብ አይችልም። በዚያን ዘመን ግን ድልድይና ሐዲድ ማንሳት ያስጠይቃል። ሣህሉ ከተማውን ፎቶ የሚያነሳበት ፈቃድ ይዟል፤ ስለ ሐዲዱ አንድ ባለሥልጣን ጠይቆ «አንሳ፣ ምን ችግር አለው» ተብሏል፤ ግን በቃል ብቻ ነው።

በነሐሴ አንድ እሑድ፣ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች አልፈው ወደ ሽንሌና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ሐዲድ ዳር ተገናኙ። ሁለቱ ብረቶች በፀሐይ እያብለጨለጩ ጠጠሩን ሰንጥቀው ይሄዳሉ፤ ከሩቅ፣ ሙቀቱ መሬቱን በሚያርገበግብበት ቦታ፣ አንድ ይሆናሉ።

«ይህን ሐዲድ አባቴ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ተመላልሶበታል፤» አለ ሣህሉ። «እኔ ግን ሰው የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ አቅቶኛል።»

«እኔ ልቁም?»

«ሙመድ ቢያይሽስ?»

«ከሩቅ ነው። ማን ይለየኛል?» አለችና ሳትጠብቀው በሐዲዱ መካከል ሄደች። ትንሽ ነጥብ እስክትመስል ድረስ ራቀች። ከዚያ ዞረችና ወደ እሱ መምጣት ጀመረች።

ሣህሉ ጠጠሩ ላይ በሆዱ ተኛ። ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሁለቱ መስመሮች ከፊቱ ተነስተው ወደ እሷ ይሮጣሉ። ሊያነሳ ሲል ክርኑ የጋለውን ብረት ነካና «ዋይ!» ብሎ ዘለለ። ሸፊቃ ባለችበት ሆና ሳቀች፤ ሻሿ ወደ ኋላ እስኪንሸራተት ድረስ ሳቀች። እሱም የተቃጠለ ክርኑን ይዞ፣ እሷ እየሳቀች ስትመጣ፣ አነሳት።

አጠገቡ ስትደርስ ክርኑን አየችለት። ምራቋን በጣቷ ነክታ ቀባችለት። እጇን ያዘው።  ከሩቅ የአንድ ሰው ፍየሎች ይጮኻሉ።

«አዲስ አበባ እንሂድ፤» አላት በመጨረሻ። «ማንም አያውቀንም። እዚያ እንጋባ።»

ሸፊቃ እጇን አልወሰደችም፤ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አልሸሽም። ምን ሰርቄ? እዚሁ ድሬ ነው የማገባህ። ሰው እያየኝ።»

በመስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደረሰ። ከተማው በቀይ ጨርቅ ተሸለመ። በአንድ አዳራሽ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀና ሣህሉ ካነሳቸው ሥዕሎች የተወሰኑትን እንዲያመጣ ታዘዘ። ሐዲዱን ለመጨመር ፈራ። ሸፊቃን ጠየቃት።

«የሠራኸው ጥሩ ሥዕል ነው?» አለችው።

«ከሠራኋቸው ሁሉ የበለጠ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትደብቀዋለህ? ስቀለው።»

ሥዕሉ ተሰቀለ። የኮሚቴው ሰዎች የባቡሩ ታሪክ ነው ብለው አለፉት። ሕዝቡ ግን አላለፈውም። ሰው እየመጣ ሥዕሉ ፊት ይቆማል። ሐዲዱ የሚሄደው ወደ ጅቡቲ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ሐዲድ አቅጣጫ ልጁ የጠፋበት፣ ወንድሙ የሄደበት፣ እሱም ራሱ ሊሄድ የሚያስብ ስንት ሰው አለ! ልጅቷ ደግሞ ሩቅ ናት፤ ፊቷ አይለይም። አንድ ቀን ከቆሙት መካከል አንዱ፣ «አቦ፣ እሷስ ደረሰች!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ያ ሳቅ ክፍሉ በሚባል ካድሬ ጆሮ ገባ። በዚያው ቀን ሥዕሉ ወረደ፤ ሣህሉም ታሰረ። ሐዲዱን አንሳ ያለው ባለሥልጣን ተጠይቆ «እኔ አላልኩም» አለ።

ወይዘሮ የሺአረግ ነጠላቸውን እንደነገሩ ጣል አድርገው መጋላ መጡ። ወደ ፎቶ ቤቱ ገብተው ባንኮኒው ፊት ቆሙ። ሙመድ በዓሉን ለማንሳት ወጥቷል።

«ሸፊቃ ማለት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄን አሰሩት። "ያቺ ሴት ማን ናት? ማንን ነው ድንበር ያሻገርከው?" ይሉታል አሉ። እሱ መንገደኛ ናት፣ አላውቃትም ይላል። ጠባቂው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እሱ ነው የነገረኝ።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ሸሚዙን እጠቢለት ብለው ሰጡኝ። ላጥበው ብዬ ስዘረጋው…»

አልጨረሱትም። ሸፊቃ ሁለት እጆቿን ባንኮኒው ላይ አኖረች።

«ስሜን ለምን አልተናገረም?»

«ወንድምሽ እንዳይሰማ ነዋ! አንቺን ልደብቅ ብሎ እሱ ሊያልቅ ነው።»

«ሂጂ እትዬ፤» አለች ሸፊቃ። «እመጣለሁ።»

ኔጋቲቩ እሷ ጋ ነበር። ጨለማው ክፍል ገባችና በሩን ቆለፈች። ሐዲዱን ሁሉ ትታ፣ ጠጠሩን ትታ፣ ያቺን ትንሽ ነጥብ ብቻ የቻለችውን ያህል አጎላቻት። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ከተተችው። መጀመሪያ ሻሹ መጣ፤ ከዚያ ዓይኖቹ፤ ከዚያ ሳቁ። ሸፊቃ የከተማውን ሰው ሁሉ ፊት ያየችው በዚህ ዓይነት ነው፤ የራሷን ግን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። እንዲህ እንደምትስቅ አታውቅም ነበር።

በሩ ተንኳኳ። መድኃኒቱ ሥዕሉን እስኪይዘው ጠብቃ በሩን ከፈተች። ሙመድ ገባ፤ እጇ ላይ ያለውን አየ።

«ይሄ… ያ ሰው ሁሉ የሚያወራበት ሥዕል አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ፊት ነው እንዲህ የምትስቂው?»

«አየኸው አይደል፤ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ሙመድ ግድግዳውን ተደገፈ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ሸፊቃ፣ አሁኑኑ ቅደጂው። እኔም አላየሁም፣ ፋራህም አይሰማም። ከዚህ በር ይዘሽው ከወጣሽ ግን ይሄ ቤት ቤትሽ አይደለም።»

«ሰውየው እየተገረፈ ያለው የእኔን ስም አልናገርም ብሎ ነው።»

«እሱ የፈለገውን ይሁን! አንቺ እህቴ ነሽ!»

«አንተም ወንድሜ ነህ፤» አለችና በአጠገቡ አልፋ ወጣች።

ሥዕሉ እርጥብ ስለነበር ማጠፍም መጠቅለልም አልተቻለም። በሁለት እጇ ከፊቷ ዘርግታ ይዛው ሄደች። ነጋዴው ከሱቁ ወጣ፤ ጫት ሻጮቹ ቀና አሉ፤ ጋሪ ነጂ ጋሪውን አቆመ። የሚያውቋት ስሟን ጠሩ። አልመለሰችም። በደቻቱ ድልድይ ላይ ነፋሱ ወረቀቱን ያርገበግበው ነበር። ከዚራ ስትደርስ ደርቋል፤ ከኋላዋም ሙመድ እየተከተላት ነበር።

ካድሬው ክፍሉ ከዚራ ባለው ቢሮው ውስጥ በወረቀት ተከቦ ተቀምጧል። ብዙ ሌሊት ያልተኛ ሰው ይመስላል። ሸፊቃ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጓድ፣ የምትፈልጓት ልጅ እኔ ነኝ።»

ክፍሉ ሥዕሉን አየ። እሷን አየ። መሳቢያውን ስቦ የወረደውን ሥዕል አወጣና ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«ስለዚህ አልደረስሽም ማለት ነው፤» አላት። «ወደ ጅቡቲ ስትሸሺ ነው ያነሳሽ?»

«ፊቴን እየው፣ ጓድ። ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ፊቱን ወዴት ያዞራል? እኔ ወደ ድሬ ነው የምመጣው። ትልቁም ትንሹም ሥዕል አንድ ነው፤ ሐዲዱ ወደዚህ ነው የሚያመጣኝ።»

«በሐዲዱ ላይ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ከሣህሉ ጋር ነበርኩ።»

«ከእሱ ጋር ምንድነሽ?»

ሙመድ በሩ ላይ መቆሙን ታውቃለች። ትንፋሹን ትሰማዋለች።

«የማገባው ሰው ነው።»

ክፍሉ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ዓይኖቹ ከእሷ አልፈው ሙመድን አገኙት።

«አንተ ማነህ?»

«ወንድሟ ነኝ።»

«ይህቺ ልጅ ጅቡቲ የሚወስዳት ሰው አላት የሚባል ነገር ሰምተናል። እውነት ነው? ወደ ጅቡቲ ልትሄድ ነበር?»

 ሙመድ ኒካው መወሰኑን መናገር ይችል ነበር፤ እውነትም ነው። እውነቱን ቢናገር ሣህሉ ሰው አሻጋሪ ተብሎ ይቀራል፤ እሷም ለሽሽት ስትሰናዳ ተገኘች ትባላለች። ሸፊቃ ዞር ብላ አላየችውም። ሙመድ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ።

«አትሄድም፤» አለ። «እህቴ የትም አትሄድም።»

ክፍሉ ሁለቱንም ሥዕሎች መሳቢያው ውስጥ ከተተ። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳ።

ውጭ ሲወጡ ሙመድ አላያትም። «ለእነሱ ብዬ ነው ያልኩት፤ ላንቺ ብዬ አይደለም። ቤት እንዳትመጪ፤» ብሏት ሄደ።

ሣህሉ ወዲያው አልተፈታም። ሰው የማሻገሩ ክስ ቀርቶ ያለ ፈቃድ ሐዲድ በማንሳቱ ብቻ እንዲጠየቅ ተደረገ፤ ካሜራውና ፊልሞቹ ተወረሱ፤ ከሥራውም ተባረረ። ሸፊቃ ከዚራ ውስጥ ልብስ ሰፍታ የምትኖረው ጓደኛዋ ቱሪያ ቤት ተጠጋች። በየቀኑ ምሳ ይዛ እስር ቤቱ ደጅ ትሰለፋለች። ወይዘሮ የሺአረግም ይሰለፋሉ። መጀመሪያ አንገታቸውን ደፍተው ያልፏት ነበር። አንድ ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ዣንጥላቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ።

«ነይ ግቢ፤» አሏት። «ሁለታችንም ለአንድ ሰው ነው የቆምነው።»

የተፈታው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ራሱን ተላጭቷል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። በሩ ላይ ቆሞ ብርሃኑን እስኪለምድ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ከፊቱ ቆማለች።

«ደብቄሽ ነበር እኮ፤» አላት። «ለምን ወጣሽ?»

«መደበቅ ሰልችቶኛል። ልጅነቴን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የጨረስኩት።»

«ካሜራዬን ወስደውታል። ሥራም የለኝም። ምንም የለኝም፣ ሸፊቃ።»

«እኔም ቤት የለኝም። ልክ ሆንን ማለት ነው።» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል ያዘችው። «ሣህሉ፣ ታገባኛለህ ወይስ ሌላ የሚያስርህ ሰው ልፈልግ?»

ጠባቂው ሳይቀር ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

ማዘጋጃ ቤት የሄዱት በኅዳር ነው። ሸፊቃ ሃይማኖቷን አልተወችም፤ እሱም አልተወም። ቱሪያ የሰፋችላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ወይዘሮ የሺአረግ መጀመሪያ አልሄድም ብለው ነበር፤ ሲነጋ ግን ለብሰው በር ላይ ተገኙ። ጸሐፊው መነጽሩን አስተካክሎ ጠየቀ።

«ከሴቷ በኩል ቤተሰብ ማን አለ?»

«ጓደኛዬ አለች፤» አለች ሸፊቃ።

«ጓደኛማ ምስክር ትሆናለች። ከቤተሰብ አንድ ሰው ካልፈረመ አልመዘግብም። ነገ ዘመድ መጥቶ ቢከስሰኝስ?»

«ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ለራሴ ራሴ እፈርማለሁ።»

«እኅቴ፣ ዘመድ ከሌለሽ የለኝም በይና…»

«አላት።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ሑዳ ናቸው። ከመጋላ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው ጸሐፊውን አዩት እንጂ ልጃቸውን አላዩም።

«እናቷ ነኝ። ይሄ ጋብቻ አይሆንም ብያለሁ። ዛሬም አይሆንም እላለሁ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሣህሉ አንገቱን ደፋ።

«ግን ልጄ ዘመድ የላትም ሲባል ቆሜ አልሰማም፤» አሉ ሑዳ። «የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ጸሐፊው ቀለሙን አቀረበላቸው። ሑዳ አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ አኖሩት፤ ጠረጴዛው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ተጫኑት። ሸፊቃ «አዬ» ብላ ልታቅፋቸው ስትል በእጃቸው አቆሟት። ገና ነበር። ፊታቸውን ወደ ሣህሉ መለሱ።

«አንተ፣ ስምህ ማነው?»

«ሣህሉ።»

«ሣህሉ፣ ክንድህን ስጠኝ። ደረጃው ቁልቁል ነው።»

ጸሐፊው ማኅተሙን ከመታ በኋላ ሣህሉ ክንዱን ሰጣቸው። ወይዘሮ የሺአረግና ቱሪያ ቀድመው ወጡ። ሸፊቃ ከላይኛው ደረጃ ላይ ቆማ እናቷና ባሏ አንድ አንድ እያሉ ሲወርዱ አየቻቸው። ሰዓቱ ሥራ የሚለቀቅበት ስለነበር መንገዱ በሰው ሞልቷል፤ ሰዉም ቆሞ ያያቸዋል። ሸፊቃ ደረጃውን በሩጫ ወረደችና የሣህሉን ሌላኛውን እጅ ያዘች።